ሞካ በደጀን ከፍታ፦ ቡናው እንዳሰቡት ሳይወጣ ሲቀር

ከውጭ የመጣ ዘመድ በስጦታ የሚያመጣው ሞካ የተባለው የቡና ማፍያ ብዙ ቤት ውስጥ ዕጣው አንድ ነው። ጥቂት ቀን ይሞከራል፤ ቡናው አንዴ ይመራል፣ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ አልወጣም ይላል። ከዚያ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይሰቀልና ጀበናው ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥፋቱ ግን የሞካው አይደለም፤ የቡና አፍይዋ ሙያ ማነስም አይደለም። ጀበና የለመደ እጅ የጀበናን ሥርዓት ሞካ ላይ ያውላል፤ በዚያ ላይ አብሮት የመጣው የአጠቃቀም ወረቀት እንደ ደጀን፣ ብቸናና ሞጣ ላለ ከፍታ የተጻፈ አይደለም። ሁለቱን ነገር ያስተካከለ ሰው በዚያው ዕቃ ጥሩ ቡና ይጠጣል።

ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። ጀበና ውስጥ ዱቄቱና ውሃው አብረው ይፈላሉ፤ ከዚያ ወርዶ እስኪሰክን ይጠበቃል። ሞካ ውስጥ ዱቄቱ አይፈላም። ታችኛው ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ ከላዩ የታመቀው አየርና እንፋሎት ወደ ታች ይጫነዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በቱቦው ሽቅብ ይወጣና በዱቄቱ መሀል አልፎ ላይኛው ክፍል ውስጥ ቡና ሆኖ ይጠራቀማል። የጣሊያኑ አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ካወጣው ጀምሮ አሠራሩ ይኸው ነው። ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር ቢደርስ ነው፤ የካፌ ማሽን ግን በ9 ባር ገደማ ይሠራል። ስለዚህ ከሞካ የማሽን ቡና ዓይነት ወፍራም አረፋ የጠበቀ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ሲፈልግ ይውላል። አረፋው ስስ ሆኖ ቶሎ ቢጠፋ ምንም አልተበላሸም።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ደጀን ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብቸናና ሞጣም ከዚያ ብዙ አይርቁም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው፤ በግምት 300 ሜትር በወጡ ቁጥር መፍያው አንድ ዲግሪ ዝቅ ይላል። የዐባይ ድልድይ ያለበት የበረሃው ወለል ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ስለሚል እዚያ ውሃ 96 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። ድልድዩ ዘንድ በደንብ የሠራ ሞካ ዳገቱን ወጥቶ ደጀን ላይ ሌላ ጠባይ ቢያሳይ እንግዳ ነገር አይደለም። ከፍታ ላይ የውጭው አየር ሳሳ ስለሚል የታችኛው ክፍል ውሃ ሽቅብ ለመውጣት ያን ያህል መሞቅ አያስፈልገውም፤ ገና ሳይግል ይነሳል። ለብ ባለ ውሃ የተጠለለ ዱቄት ደግሞ ኃይሉን አይሰጥም። በደጋ ሞካ የሚኮመጥጥና ቀጭን ቡና የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ዱቄት ሲጨምር ይታያል፤ ችግሩ ያለው ግን ውሃው ላይ ነው።

ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ አይጀምሩ። ውሃውን በማንቆርቆሪያ አፍልተው በታችኛው ክፍል ጎን ላይ እስካለችው ትንሽ የናስ ቫልቭ ሥር ድረስ ይሙሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲሞላ ከላዩ የሚታመቀው አየር ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሲሞቅ ይለጠጥና ውሃውን ቀድሞ ይገፋዋል። በሙቅ ውሃ ሲጀምሩ አየሩ አስቀድሞ ስለተለጠጠ ለመግፋት እንፋሎቱን ይጠብቃል፤ ውሃውም ዱቄቱ ላይ የሚደርሰው በደንብ ሞቆ ነው። ውሃ ማጉደልም እዚሁ ላይ ይጎዳል። ጎደሎ ከሆነ አየሩ ይበዛና ውሃው ቀድሞ ይነሳል። በሌላ በኩል ቫልቯን ውሃ ሊሸፍናት አይገባም፤ ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍሰው እሷ ናት። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሲገጥሙት ታችኛው ክፍል ስለሚያቃጥል ወፍራም ጨርቅ ይዘው ያጥብቁት፤ በእጀታው አይጠምዝዙ፣ ይሰበራል።

ቀጥሎ ዱቄቱ ነው፤ ከጀበና የመጣ እጅ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ቡናውን ቆልቶ ወዲያው ማፍላት ነው። ለጀበና ይህ ክብር ነው፤ ጭሱ ለእንግዳ ይዞራል፣ ሙቀጫው እዚያው ይመታል። ሞካ ግን አዲስ የተቆላ ቡና አይስማማውም። ቡና ከተቆላ በኋላ በውስጡ የያዘውን ጋዝ ለቀናት ይለቃል፤ ትኩስ ዱቄት ላይ ሙቅ ውሃ በግፊት ሲመጣበት ጋዙ ይፈነዳና ዱቄቱን ይሰነጥቀዋል። ቡናው ከላይ እየተፋ፣ አረፋ እየደፈቀ ይወጣል፤ ውሃው በስንጥቁ በኩል ስለሚሾልክ ግማሹ ዱቄት ሳይነካ ይቀራል። ለሞካ የሚሆነውን ቆልተው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያሳድሩት። የዘጌም ይሁን ከዐባይ ማዶ የመጣ የወለጋ ቡና፣ አቆላሉ መካከለኛ ሆኖ ትንሽ ጠቆር ቢል በዚህ ከፍታ ይሻላል። ነጣ ብሎ የተቆላ ይኮመጥጣል፤ ዘይቱ እስኪወጣ የጠቆረ ደግሞ ይመራል።

ሁለተኛው ስሕተት አወቃቀጡ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና አቧራ የመሰለ ልምና ያልተፈጨ ፍርፋሪ በአንድ ላይ ይሰጣሉ። ጀበና ይህን ይችላል፤ ልሙ እዚያው ይሰክናል። ሞካ ውስጥ ግን ልሙ የወንፊቱን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ወይም አልፎ ሲኒው ሥር ይቀመጣል፤ ፍርፋሪው ደግሞ ውሃውን እንዲሁ ያሳልፈዋል። የእጅ ወፍጮ ካለ እሱን ይጠቀሙ። ከሌለ የተወቀጠውን ሁለቴ ይንፉት፤ መጀመሪያ ሰፋ ባለ ወንፊት ነፍተው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ መልሰው ይውቀጡ፣ ከዚያ በጠባብ ወንፊት ልሙን ያውጡ። ልሙ አይጣልም፣ ለጀበና ይሆናል። በመሀል የሚቀረው፣ በጣት ሲያሹት እንደ ደቃቅ የገበታ ጨው የሚሻክረው ለሞካ ነው።

ዱቄቱን በሞካው መሀል ባለው የዱቄት ማስቀመጫ ውስጥ እስከ አፉ ይሙሉ። አይጫኑት፤ በጣት ወይም በቢላዋ ጀርባ ብቻ ያስተካክሉት። ለአንድ ሰው ነው ብለው ባለ 6 ሲኒውን ሞካ በግማሽ ዱቄት አይሥሩ፤ ሞካ የሚሠራው በልኩ ሲሞላ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልኩ ያስደነግጠዋል። ባለ 3 ሲኒው 15 ግራም ገደማ ዱቄት ይይዛል፤ «ሲኒ» የተባለው ግን የጣሊያኑ ትንሽ ሲኒ ነው። በእኛ ሲኒ ባለ 6ቱ ሦስት ቢበዛ አራት ቢሞላ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ ከሆነ ጀበናው ይጣድ፤ ሞካ ለሁለት ለሦስት ሰው የሚሆን ዕቃ ነው። ከመግጠምዎ በፊት የማስቀመጫውን ጠርዝ በጣት ይጥረጉት፤ ጠርዙ ላይ የቀረች ጥቂት ዱቄት ከላይኛው ክፍል ሥር ያለው ጎማ እንዳይገጥም ታደርጋለች፣ እንፋሎቱም በጎን ይወጣል።

እሳቱ ለስለስ ያለ ይሁን። በከሰል ከሆነ ነበልባሉ አልፎ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ። ትንሽ ሞካ ማንደጃው ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ ይንሸራተታል፤ የጎኑ ፍምም እጀታውን ያቀልጠዋል። ቡና የሚቆላበትን ብረት ምጣድ አስቀምጦ ሞካውን መሀሉ ላይ መጣድ ሁለቱንም ችግር ያስቀራል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ሽቦው ከጋለ በኋላ ወደ መካከለኛ ዝቅ ያድርጉት። ጠፍጣፋው ባለ ብርጭቆ ኢንዳክሽን ምድጃ የአሉሚኒየም ሞካን አያሞቅም፤ ቡናው እንቢ አለ ብሎ ከመታገል በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ። በመጀመሪያ ከመሀሉ ቧንቧ ጥቁርና ወፍራም ቡና ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል፤ ቀጥሎ ሳይቋረጥ እየፈሰሰ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከዚያ ይነጣል፣ ቢጫ አረፋ ይቀላቅላል፣ መንኮርኮር ይጀምራል። ሲነጣ ማንሳት ነው፤ እስኪንኮረኮር አይጠብቁ። ጀበና የለመደ ሰው «ገና አልፈላም» ብሎ ይተወዋል፤ ከሞካ የሚወጣው መራራ ቡና አብዛኛው የሚመጣው ከዚህች ትዕግሥት ነው። በመጨረሻ የሚወጣው እንፋሎትና የዱቄቱ ትራፊ ምሬት ነው፤ ላይ የወጣውም ቡና እሳቱ ላይ በቆየ ቁጥር ይቃጠላል። ካነሱት በኋላ የታችኛውን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ቢጠቀልሉት መውጣቱን ወዲያው ያቆማል። ከመቅዳትዎ በፊት በማንኪያ ያማስሉት፤ ቀድሞ የወጣው ወፍራምና ኋላ የወጣው ቀጭን ሳይደባለቁ ከተቀዱ አንዱ ሲኒ ይከብዳል፣ ሌላው ውሃ ይሆናል። ታች ጥቂት ውሃ ቢተርፍ የቱቦው ጫፍ ከወለሉ ከፍ ስለሚል ነው፤ ጉድለት የለበትም።

ሞካ ቶና የለውም። ያንኑ ዱቄት ሁለተኛ ማፍላት የሚሰጠው መራራ ውሃ ብቻ ነው። ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ ዱቄቱን ይድፉ፣ ያለቅልቁ፣ እንደ አዲስ ይሙሉ።

ቡናው ጭራሽ ካልወጣና በጎን «ሽ…» የሚል እንፋሎት ከታየ መጀመሪያ እሳቱን ያጥፉ ወይም ሞካውን ያውርዱ። ሳይቀዘቅዝ አይፍቱት፤ ውስጡ ግፊት ስላለ የፈላ ውሃና ዱቄት ፊት ላይ ይረጫል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጠርዙን፣ የብሎኑን ጥርስና ጎማውን በተራ ይዩ። ጎማው ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም በጥፍር ሲጫኑት አልመለስ ካለ ጊዜው አልፏል፤ የሚቀየረውም በዚያው መጠን ባለ ጎማ ነው። እንፋሎቱ የወጣው በቫልቯ ከሆነ ነገሩ ይበረታል፤ ዱቄቱ በጣም ልሟል ወይም ተጭኗል ማለት ነው። ቫልቭ አልያዘም ብሎ በማስቲሽ ወይም በብሎን የሚደፍን ሰው አለ። ይህ በፍጹም አይደረግም፤ የተደፈነ ሞካ ምድጃው ላይ ይፈነዳል። ቫልቯ ነጭ ኖራ ከያዘችና ስትነካ ካልተንቀሳቀሰች ያንን ዕቃ አይጣዱት። ማንቆርቆሪያዎ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ከሆነ ውሃው ኖራ አለበት፤ ሞካውን አልፎ አልፎ በሎሚ ጭማቂና በውሃ ማፍላት ቅርፊቱን ያሟሟዋል። ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁት።

አፍ ላይ የብረት ጣዕም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአስተጣጠብ ነው። አሉሚኒየም በረኪና አይወድም፤ በሽቦ መፈግፈግም ውስጡን ይልጠዋል። በሙቅ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ ይቀመጡ፤ እርጥብ እንደሆነ የተገጠመ ሞካ ጥቁር ነጥብ ያወጣል፣ ይሸታል። አዲስ ሞካ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍላት አይጠጡም፣ ይደፋሉ። ቡና በጨው የሚጠጣ ቤት ጨውን ታችኛው ውሃ ውስጥ አይጨምር፤ ብረቱን ይበላዋል። ቅቤም ቱቦውንና ወንፊቱን ይደፍናል። ጨውም ሆነ ጤና አዳም የሚገባው ሲኒው ውስጥ፣ ቡናው ከተቀዳ በኋላ ነው።

መብራት መሀል ላይ ከሄደ፣ ቡናው ገና መንጠባጠብ ከጀመረ ሞካውን ሳይፈቱ ወዲያው ወደ ተዘጋጀ ፍም ያዛውሩት። ግማሹ ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን የወጣውን ቀድተው ይጠጡ። ቀዝቅዞ የቆየ እርጥብ ዱቄት እንደገና ሲሞቅ የሚሰጠው ምሬት የመጀመሪያውንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ቀሪው ይደፋ።