መፍቁዱ የዓባይ ምንጭ አይጥ

የዛሬው የጁሙዐ ትምህርታችን ከፊቅህ ኪታቦች በአንድ ቃል ይጀምራል፦ መፍቁድ።

ከቤቱ ወጥቶ የገባበት የጠፋ፣ ሞቱም ሕይወቱም ያልታወቀ ሰው መፍቁድ ይባላል። ሰው «ይሄኔ ሞቷል» ስላለ ብቻ ንብረቱ ለወራሾች አይከፋፈልም። መሞቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ወይም ረጅም ጊዜ አልፎ ቃዲ እስኪፈርድ ይጠበቃል። ዑለማዎች በጊዜው ርዝመት ይለያያሉ፤ መነሻው ግን በእርግጠኝነት የታወቀ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም የሚለው መርህ ነው። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩ ይገባችኋል፦ አንዲት ልጅ ሁለት ቀን ከማሽኗ ስለታጣች ብቻ ሥራ ለቃለች አይባልም።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም የራሳቸው መፍቁድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካዊው ዊልፍሬድ ኦስጉድ የተመራው የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ጉዞ ጎጃም ደርሶ፣ ግልገል ዓባይ ከሚነሳበት አካባቢ አንድ የውሃ አይጥ ያዘ። ኦስጉድ በ1928 ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየመው፤ የዓባይ ምንጭ አይጥ ማለት ነው። ሳይንስ የሚያውቀው ያንን አንዱን ብቻ ነው።

አይጥ ሲባል ፊታችሁን አታጨማድዱ! ጎተራ ከሚበሳው የቤት አይጥ ጋር አይገናኝም። በ2020 የታተመ ጥናት የራስ ቅሉ ላይ ከቀረ ደረቅ ሥጋ ዲ ኤን ኤ አውጥቶ መርምሯል። የቅርብ ዘመዶቹ ኮሎሚስ የሚባሉት የአፍሪካ ጅረት አይጦች ሆነው ተገኙ፤ እነሱ ውሃ ውስጥ ቆመው ነፍሳት አድነው የሚበሉ ናቸው።

ታዲያ ጠፍቷል? የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት «ምናልባትም የጠፋ» ይለዋል። «ጠፋ» ብሎ ለመቁረጥ ግን የኅብረቱ ደንብ ጥብቅ ነው፦ ሊኖር በሚችልበት ቦታ ሁሉ፣ በሚወጣበት ሰዓትና ወቅት ተፈልጎ መታጣት አለበት፤ የመጨረሻው መሞቱም አሳማኝ ጥርጣሬ የማይቀርበት መሆን አለበት። የኛም ሊቃውንት «አለማግኘት አለመኖርን አያስረዳም» ይላሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ውርሱ ነው። ፍርዱ ሳይሰጥ የወንዙ ዳርቻ እየታረሰና በከብት እየተጋጠ ነው። የመፍቁዱ ቤት እየተከፋፈለ ነው ማለት ነው።

ከሰከላና ከአካባቢው ወደ አዳማ ለሥራ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ አንድ ነገር ጠይቁልን፦ በጅረት ውስጥ የሚዋኝ፣ እርሳስ መልክ ያለው አይጥ አይቶ የሚያውቅ ሽማግሌ አለ?