ወርቁና ምስክሩ

በሜልበርን ስፕሪንግ ጎዳና ላይ የቆመው የድሮው ግምጃ ቤት የተሠራው ከቪክቶሪያ የማዕድን ሜዳዎች ለሚጎርፈው ወርቅ ማኖሪያ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ካዝናዎቹ ዛሬም አሉ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ሲሆን፣ ጎብኚ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ «ዌልካም ስትሬንጀር» የተባለው ግዙፍ የወርቅ ጥፍጥፍ አምሳያ ነው። እውነተኛውን ጥፍጥፍ ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ በየካቲት 1869 እ.ኤ.አ. ሞሊያጉል ውስጥ ከአፈር በታች ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ አገኙት። በአቅራቢያው ባለችው ዳኖሊ ከተማ የሚችለው ሚዛን ስላልነበረ በአንጥረኛ መስፍ ላይ ሰባበሩት፤ ከዚያም ቀለጠ። ወደ 72 ኪሎ የሚጠጋ ንጹሕ ወርቅ ወጣው። ከመሰበሩ በፊት ግን ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው አልነበረም። በእጃችን ያለው ፎቶግራፍ ሰዎቹ በኋላ ቦታው ላይ ቆመው ያን ጊዜ ለካሜራ የደገሙት ነው።

እንግዲህ ወርቁ የለም፤ አምሳያውና የተደገመው ፎቶግራፍ ግን አሉ፤ እኛም ታሪኩን ያለ ጥርጥር እናምናለን። የምናምነው ምኑን ነው? ጌጥንና ፎቶግራፍን አንድ ላይ የሚሠሩ የጥበብ ሰዎች የሚያነሡት ይህንን ጥያቄ ነው፤ ሜልበርንም ጥያቄው በተለይ የሚመለከታት ከተማ ናት።

ነገሩ እንዲገባን ከምናውቀው እንጀምር። ፒያሳ ወርቅ ቤት የገባ ሰው ሦስት ነገር ይከፍላል። አንደኛው የብረቱ ዋጋ ነው፤ ግራሙ ይመዘናል፣ ካራቱ ይጠየቃል። 18 ካራት ማለት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ፣ 21 ካራት ማለት 87 ከግማሽ እጁ ወርቅ ማለት ነው። ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ነው፤ ይህ መልሰው ሲሸጡት የሚቀር ነው። ሦስተኛው በደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ እምነት ነው። 18ቱን ከ21ዱ በዓይኑ የሚለይ ገዢ ጥቂት ነው። የሚያምነው ማኅተሙን፣ ነጋዴውንና እዚያ ቤት የላከውን ዘመዱን ነው።

ሱዛን ኮን እነዚህን ሦስቱን ነጣጥላ ያሳየች የሜልበርን ጌጥ ሠሪ ናት። በ1980 የከፈተችው አውደ ጥናት «ወርክሾፕ 3000» ይባላል፤ ቁጥሩ የመሐል ሜልበርን የፖስታ ቁጥር ነው። በሰፊው የታወቀችበት ሥራ እንደ ዶናት የደነደነ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የአሉሚኒየም አምባር ነው። አሉሚኒየም በእኛ ቤት የድስት ብረት ነው። እሷ ግን በአኖዳይዚንግ ታቀልመዋለች። ይህ ዘዴ ቅብ አይደለም። ብረቱ አሲድ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ጠንካራ ሽፋን ያወጣል፤ ቀለሙ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰርጋል፤ በመጨረሻ በፈላ ውኃ ይደፈናል። ወርቅ ቅብ ሲፋቅ ገመናው ይወጣል። የእሷ አምባር ግን አሉሚኒየምነቱን አይደብቅም፤ ዋጋውም ከሐሳቡና ከእጅ ሥራው ይመጣል። እኔ አርቴፊሻል ብዬ አልጠራውም፤ ማንንም አላታለለምና።

ፎቶግራፍ እዚህ ውስጥ የሚገባው በሁለት በር ነው። የመጀመሪያው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፦ የጥንቱ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ራሱ ብር ነው። ወረቀቱ ላይ በጄላቲን የተያዘው የብር ጨው ብርሃን ሲነካውና በኬሚካል ሲታጠብ ወደ ደቃቅ የብር ብናኝ ይለወጣል። በአያታችን ፎቶ ላይ ጥቁር ሆኖ የምናየው ፀጉር ያ ብር ነው። ነገር ግን ፎቶውን በግራም የሚመዝን የለም። ሁለተኛው በር ምስክርነቱ ነው። ፎቶግራፍ «ይህ ነበረ» ይላል፤ እኛም እንደ ካራት ማኅተም እንቀበለዋለን።

ኔዘርላንዳዊው ኽይስ ባከር በ1982 ጠል ያረፈበት የጽጌረዳ ፎቶግራፍ በፕላስቲክ አሽጎ ትልቅ የአንገት ጌጥ አደረገው። ከሩቅ አበባ ነው፤ ጠሉም እንደ ዕንቁ ያብረቀርቃል። ሲቀርቡት ወረቀትና ፕላስቲክ ነው። ያም ሆኖ ያደረገችው ሴት ታጌጣለች፤ እዚህ ላይ ሐሰት የለም። ስዊዘርላንዳዊው ኦቶ ኩንዝሊ በ1980 በተቃራኒው ሄደ፦ የወርቅ ድብልብል በጥቁር ላስቲክ አምባር ውስጥ ደበቀ። ከውጭ የሚታየው እብጠት ብቻ ነው። ባለቤቱ ወርቅ መኖሩን ማረጋገጥ ከፈለገ ላስቲኩን መቅደድ አለበት፤ ከቀደደው ደግሞ ሥራው አለቀ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠገራ ብር የማሪያ ቴሬዛን መልክና 1780 የሚል ዓመት ይዞ በአገራችን ሲዘዋወር ኖሯል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ብር ግን አብዛኛው ከዚያ በኋላ፣ ከፊሉም በሃያኛው ክፍለ ዘመን በለንደንና በሮም የተመታ ነው። ዓመቱ እውነት አልነበረም፤ ብሩ ግን እውነት ነበር፤ የጠገራው ክብደት ከ28 ግራም ትንሽ ይበልጣል። አንጥረኞቻችን እያቀለጡ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሠሩበት። ዛሬ ያን መስቀል ያነገተችን ሴት «የስንት ዓመተ ምሕረት ብር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው «ከማን ወረስሽው?» ነው።

ወደ ሜልበርን ስንመለስ፣ በ2003 ካዝ ጋይኒ የተባለች ጌጥ ሠሪ «ሲቲ ሪንግስ» ባለችው ሥራ የወርቅ ጌጦችን በሜልበርን አደባባዮችና ግንቦች ላይ አኖረች። የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ስለሆነ ቁጣ ተነሣ። ቁጣው የገባኝ ይመስለኛል፦ ወርቅ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሚዛኑን ነው። ነገር ግን ያ ወርቅ በካዝና ቢቀመጥ ማንም አይጠይቅም ነበር። ግንብ ላይ ሲለጠፍ የከተማው ሰው ሁሉ ወርቁ የማን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያወጣና ማን ሊወስደው እንደሚችል መነጋገር ጀመረ፤ እኔም ሥራው እዚያ ንግግር ውስጥ የተሠራ ይመስለኛል።