ዲንን በየትኛው ቋንቋ? ከኬረላ ሙስሊሞች የኢስላሕ ታሪክ



በዚህ እትም ወደ ደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ ወደ ኬረላ እንሻገራለን። ኢስላም እዚያ የገባው በባሕር ነጋዴዎች አማካኝነት ሲሆን፣ ሙስሊሞቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ከሕዝቡ 26 ከመቶ ያህል ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እነዚህ ሙስሊሞች ዑለማ አላጡም። ፖናኒን የመሰለ የታወቀ የዒልም ማዕከል ነበራቸው። አፋቸውን የፈቱበትን ማላያላምን ግን የሚጽፉት በዓረብኛ ፊደል ነበር። (የወሎ ሸኾቻችን አማርኛ መንዙማን በዓረብኛ ፊደል እንደጻፉት ማለት ነው።) የጎረቤቶቻቸውን ፊደልና እንግሊዝኛን ብዙዎቹ ስለሸሹ፣ ጋዜጣውም ፍርድ ቤቱም የመንግሥት ሥራውም አለፋቸው።

ሰይድ ሰናኡላህ መክቲ ተንገል (1847–1912) የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ለሚሲዮናውያን በማላያላም መልስ መጻፍ ጀመሩ፤ ሙስሊሞችም ቋንቋውን በፊደሉ እንዲማሩ ወተወቱ። በቫዝካድ መድረሳ ደግሞ ቻሊለካት ኩንሐመድ ሐጂ ትምህርቱን በደረጃ ከፋፍለው ጥቁር ሰሌዳና አግዳሚ ወንበር አስገቡ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስለናል፤ ያኔ ግን ብዙ አነጋግሯል።

ከሁሉም ልብ የሚነካን የቫኮም ዐብዱልቃዲር መውለዊ (1873–1932) ታሪክ ነው። በ1905 በማላያላም ጋዜጣ መሠረቱ። አዘጋጁ ራማክሪሽና ፒላይ ሂንዱ ነበር፤ እርሳቸውም እጁን አልያዙትም። ጋዜጣው የትራቫንኮር ባለሥልጣናትን በመተቸቱ በ1910 ማተሚያ ቤቱ ተወረሰ፣ አዘጋጁም ከአገር ተባረረ። መውለዊ ማተሚያቸውን በሕይወት ሳሉ መልሰው አላገኙትም።

በ1918 «አል-ኢስላም» የተባለ መጽሔት አወጡ፤ በዓረብኛ ፊደል በተጻፈ ማላያላም! አዲሱን ፊደል ተማሩ የሚሉት ሰው ለምን ወደ አሮጌው ተመለሱ? ምክንያቱም እናቶችና ተራው ሕዝብ ማንበብ የሚችሉት ያንን ነበር። ሰውን ካለበት ቦታ መጥራት ይሉታል ይህ ነው። መጽሔቱ ከነባር ዑለማዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ብዙም ሳይቆይ ቆመ።

በ1922 በኮዱንጋሉር የአንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የተጣሉ ሙስሊም ቤተሰቦችን ማስታረቅ ነበር። በ1926 ደግሞ የተሃድሶውን አካሄድ የተቃወሙ ዑለማዎች «ሰመስተ» የተባለውን የራሳቸውን ጀመዓ አቋቋሙ። በሁለቱ መካከል ስላለው የዐቂዳና የፊቅህ ክርክር እዚህ አንፈርድም፤ ቦታውም አይደለም። ልብ የምንለው ግን አንድ ነገር አለ፦ በ1951 የትምህርት ቦርድ አቋቁሞ መድረሳዎችን በክፍል ደረጃና በታተመ መጽሐፍ ያደራጀው ይኸው ሰመስተ ነው።

ለሐለቃ ውይይት፦ በግቢያችን ደርስ ላይ የሚቀመጥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳይገባው የሚያልፈው ቃል ስንት ነው? እንዲጠይቅስ ማን ዕድል ይሰጠዋል?