የወይን፣ የሮማንና የበለስ ቅርንጫፍ በደረቅ አካባቢ ሥር የሚይዝበት መንገድ

ወይን፣ በለስና ሮማን በኦሪት ዘዳግም 8፥8 ከምድረ ርስት በረከቶች መካከል ተጠቅሰዋል። ሦስቱም ደረቅ አየር የሚስማማቸው ሲሆኑ ከቅርንጫፍ ቁራጭ በቀላሉ ይራባሉ። ከዘር የበቀለ ወይን እንደ እናቱ ላይጣፍጥ ይችላል፤ ከቁራጭ የበቀለው ግን የእናቱን ጠባይ እንዳለ ይይዛል። ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ ከገበያ ለሚገዛ አጥቢያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በደረቅ አካባቢ ያለው ችግር አንድ ነው። ቁራጩ ሥር ስለሌለው ውኃ መሳብ አይችልም፤ ነፋስና ፀሐይ ግን ያለውን እርጥበት ይወስዱበታል። ስለዚህ የሥራው ቁም ነገር ሥር እስኪወጣ ድረስ ይህን እርጥበት መጠበቅ ነው።

አቆራረጥ፦ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት፣ አዲስ ቅጠል ሳያቆጠቁጥ፣ ከጤናማና ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ተክል የአንድ ዓመት ቅርንጫፍ ይመረጥ። ውፍረቱ እንደ እርሳስ፣ ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 3 ወይም 4 አንጓ ይኑረው። የታችኛው ጫፍ ከአንጓ ሥር ቀጥ ብሎ፣ የላይኛው ሰያፍ ሆኖ በስለታም ቢላዋ ይቆረጥ፤ ይህም ተገልብጦ እንዳይተከል ምልክት ይሆናል። የታመመ እናት ተክል በሽታውን ለልጆቹ ሁሉ ያወርሳል።

አተካከል፦ አሸዋና በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስት እኩል ተቀላቅሎ ከሥሩ በተበሳ ዕቃ ይሞላ። ትኩስ ፍግ ቁራጩን ስለሚያቃጥል አይጨመር። ከቁራጩ ሁለት ሦስተኛው ይቀበርና አፈሩ ዙሪያውን ይጠቅጠቅ።

ጥበቃ፦ ዕቃው በጥላ ሥር ተቀምጦ በስስ ፕላስቲክ ይሸፈን። የተሸፈነ ዕቃ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቁራጩ ይቀቀላል። ውኃ የሚጠጣው ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ ድርቀት ሲሰማው ብቻ ነው፤ ውኃ የበዛበት ቁራጭ ይበሰብሳል።

ብዙዎች የሚታለሉት በዚህ ጊዜ ነው። ቁራጩ በውስጡ ባከማቸው ምግብ፣ ሥር ሳያወጣ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ቅጠል ታየ ብሎ ሽፋኑን በአንድ ቀን ማንሣት፣ ወይም ሥሩን ለማየት መንቀል፣ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሥር ለመያዝ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተከፈተ ችግኙ አየሩን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይልመድ። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲጸና፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ይተከላል።

ይህ ዘዴ ለሁሉም ዛፍ አይሆንም። የሀገር ጽድና ወይራ ከዘር ቢፈሉ ይሻላል፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ነባር ዛፎች ለዚህ ሥራ መቁረጥ አይገባም።

የሰበካ ጉባኤያት አንድ ጤናማ እናት ተክል መርጠው ለፈቃደኛ ቤተሰቦች አምስት አምስት ቁራጭ ቢያድሉ፣ ከየቤቱ ሁለት እንኳ ቢጸድቅ አጥቢያው ያለ ግዢ የራሱን የአትክልት ቦታ ይጀምራል።