የጣና ታንኳን ቅርጽ ለክቶ የመመዝገብ አሠራር

ከግሪንላንድ እስከ አላስካ ባለው የበረዶ ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ካያክ የሚሉት ጠባብ የአደን ጀልባ በእንጨት አጽም ላይ የአቆስጣ ቁርበት ተወጥሮና ተሰፍቶ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቁርበቱ ሲደርቅ እየተሸማቀቀ አጽሙን ያጎብጠዋል፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ በሙዚየም የሚታየው ካያክ ሠሪው ካወጣው ቅርጽ የራቀ ሊሆን ይችላል። ኤድዊን ታፓን አድኒ በዕድሜው ሙሉ ያጠራቀመውን ማስታወሻ ሃዋርድ ቻፔል አደራጅቶና የራሱን ጥናት ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ1964 በስሚዝሶኒያን ተቋም ሲያሳትም፣ የሰሜን አሜሪካ የቅርፊትና የቁርበት ጀልባዎች በልኬት ሥዕል ተመዝግበው ቀሩ። በጣና ሐይቅ ላይ የሚቀዘፈው የአገዳ ጀልባ፣ ታንኳ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ከካያክም ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ካያክ በደረቅ ቦታ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆይ፣ ታንኳ ግን በወራት ዕድሜ በስብሶ ይጣላልና።

ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል፣ ማለትም አገዳው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ልቡም እንደ ስፖንጅ አየር ያዘለ ከሆነው ተክል ነው። ካያክ ውሃ በማያስገባ ቆዳው ሲንሳፈፍ፣ ታንኳ ግን ውሃ በአገዳዎቹ መካከል እየገባበት የሚንሳፈፈው በራሱ በአገዳው ውስጥ ባለው አየር ስለሆነ፣ በዋለ ቁጥር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ቀዛፊውም ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ስለዚህ አጥኚው «የታንኳው ቅርጽ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል፤ አዲስ ታስሮ ውሃ ያልነካው፣ ውሃ ጠጥቶ የከበደው፣ እንደገናም የደረቀው አንድ ዓይነት መልክ የላቸውም። የሚሻለው አንዱን ታንኳ በሦስቱም ሁኔታ መለካት ሲሆን፣ ጊዜ ካነሰ ግን ውሃ ከመንካቱ በፊት የተወሰደው ልኬት ይቅደም፤ የሠሪው አሳብ ያለው እዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራ የቀደሙ መረጃዎችን ማንበብ ነው። በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ታንኳን በስሙ ጠቅሶ ሲገልጸው ከሥሩ የግራር እንጨት እንደ አከርካሪ እንደሚጋደምለት ጽፏል፤ አጥኚውም ይህን ይዞ በፊቱ ያለው ታንኳ ከሥሩ እንጨት እንዳለውና እንደሌለው፣ ካለውም ከምን ዛፍ እንደተቆረጠ መርምሮ ይመዘግባል። በለገጣፎ፣ በሱሉልታ ወይም በቡራዩ የሚኖር ሰው ይህን የንባብ ክፍል በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሊጀምረው ይችላል፤ ወደ ባሕር ዳር ከመጓዙም በፊት በቤቱ ባለ ገበቴ ላይ ልኬት ቢለማመድ ይጠቀማል፤ ገበቴ በእጅ ተፈልፍሎ የሚወጣ በመሆኑ ግራና ቀኙ እኩል አይሆንምና፣ ታንኳ ላይ የሚገጥመውን ችግር አስቀድሞ ያሳየዋል።

ሐይቁ ዳር ከተደረሰ በኋላ፣ ይህን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ካቆዩት ከነገደ ወይጦ ሠሪዎች ጋር መነጋገርና ፈቃዳቸውን ማግኘት ይቀድማል። ከዚያም ታንኳው እንዳይጣመም በሁለት ደጋፊዎች ላይ ተጋድሞ፣ ከፊት ጫፉ እስከ ኋላው በላዩ ሲባጎ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይወጠራል። ይህ ሲባጎ መነሻ መስመር ይባላል፤ ማንኛውም ከፍታና ስፋት የሚለካው ከእርሱ ነው። በመስመሩ ላይ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ተደርጎ፣ የፊቱ ጫፍ ዜሮ ተብሎ ቀሪዎቹ በተራ ቁጥር ይሰየማሉ፤ በእያንዳንዱ ምልክትም ቱምቢ ወርዶ፣ ከመስመሩ እስከ ወለሉ፣ እስከ ጠርዙና እስከ ሥሩ ያለው ቁመት፣ ከመስመሩም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለው ስፋት በሜትር ይነበባል። ፊቱ ሾሎ ወደ ላይ በሚነሣበት ቦታ ቅርጹ በአጭር ርቀት ስለሚለወጥ፣ ምልክቶቹ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር መቅረብ አለባቸው። ብዙ ጀማሪዎች አንዱን ጎን ብቻ ለክተው ሌላውን በአምሳያው ይስላሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም የሁለቱ ጎኖች ልዩነት አንዳንዴ የአገዳው ጠባይ፣ አንዳንዴ የሠሪው እጅ፣ አንዳንዴም የላላ ማሰሪያ ምልክት ስለሚሆን፣ አንዴ ከተደመሰሰ ተመልሶ አይገኝም።

ከልኬቱ ይልቅ የሚከብደውና በብዙ ሥዕሎች የሚጎድለው የማሰሪያው መዝገብ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ 12 ቶን ገደማ ደንገል፣ በቻድ ሐይቅ ሠሪዎች እጅ፣ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ራ የተባለውን ጀልባ አሠርቶ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሲነሣ፣ ቅርጹን የቀዳው ከጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ነበር። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው ኋላ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ ይታያል፤ ተጓዦቹ ግን ገመዱ ኋላውን ለማጉበጥ ብቻ የዋለ መስሏቸው አስቀሩት። በጉዞው ላይ የኋላው ክፍል እየሰመጠ ሲሄድ፣ ያ ገመድ ኋላውን ደግፎ የሚይዝ ዋና አካል እንደነበረ ታወቀ፤ ጀልባው ካሪቢያን ሳይደርስ ተተወ። በቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች የተሠራው ራ ሁለት ግን በሚቀጥለው ዓመት በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሷል። እንግዲህ የደንገል ጀልባ ቅርጽ የሚቆመው በውጥረት ነውና፣ መስመሩን ቀድቶ ማሰሪያውን የተወ ሥዕል ቅርጹን መዘገበ ለማለት አይቻልም።

ስለዚህ እያንዳንዱ እስር፣ ማለትም በአንድነት የተጠፈረው የአገዳ ነዶ፣ ቁጥር ይሰጠውና ስንት አገዳ እንደያዘ፣ የአገዳው ሥርና ጫፍ ወደየት እንደዞረ፣ ማሰሪያው ልጥ ይሁን የፋብሪካ ገመድ፣ ከዜሮው ምልክት በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተጠመጠመና ቋጠሮው እንዴት እንደተቋጨ ይጻፋል። ቋጠሮውን ፎቶ ማንሣት አይበቃም፤ አጥኚው ራሱ ደጋግሞ ቋጥሮ ሠሪው «ትክክል ነው» እስኪለው ድረስ መማር አለበት። ታንኳው ደርቆ እያለና ውሃ ውስጥ ከዋለ በኋላ ክብደቱ ቢመዘን፣ የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ ያሳያል።

ሥዕሉ በ1 ለ10 መጠን ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ይነደፋል። እዚህ ላይ እጅ የሚያምር መስመር ለማውጣት ይፈተናል፤ ነገር ግን የተለካው ነጥብ እንዳለ በአንድ ወረቀት፣ አጥኚው ጉድለቱን አስተካክሎ ሠሪው ያሰበው መልክ ነው የሚለው ደግሞ በሌላ ወረቀት ይሁን እንጂ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። መቅዘፊያውም፣ ካያክ እንደሚቀዘፍበት በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ ውሃውን የሚገፋው ሸምበቆ፣ ከታንኳው ጋር ተለክቶ በዚያው ወረቀት ይሳላል፤ ርዝመቱ ከታንኳው ስፋትና ከቀዛፊው አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነውና። ሥዕሉ ሲያልቅ ወደ ሠሪው ተመልሶ ይሄዳል፤ ሠሪው የሚያርመው ሁሉ በሌላ ቀለም፣ በራሱ ቃል፣ ከዕለቱ ቀን ጋር በሥዕሉ ጠርዝ ይጻፋል፣ አንዱ ቅጂም በእጁ ይቀራል።