ኮፈኑን ብቻ ጀምሩ

በእስራኤሏ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ሔት በተባለው ሰፈር ከሕንፃዎቹ ሥር ከቆሙት መኪኖች መካከል ባለቤታቸው ተስፋ የቆረጠባቸውን መለየት አያስቸግርም። ጣሪያቸው ደብዝዟል፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ኮፈናቸው ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚዞር ስስ ጭረት ይታያል። «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። እኔ ግን በሙሉ ልቤ እላችኋለሁ፦ አያበቃም! ከእነዚህ መኪኖች የሚበዙት ቀለማቸውን አላጡም። ያጡት የገጻቸውን ልስላሴ ነው፤ እሱ ደግሞ በሰው እጅ ይመለሳል።

ብርሃን ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ ሳይበተን በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል። አዲስ መኪና ላይ ፊታችንን የምናየው ለዚህ ነው። ገጹ በአያሌ ጥቃቅን ጭረቶች ሲሞላ ግን ያው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ዓይናችን «ፈዘዘ» የሚለው ይህንን መበተን ነው። ስለዚህ ፖሊሽ መኪናው ላይ ብልጭታ የሚጨምር ቅባት አይደለም። ጭረቱን የያዘውን እጅግ ስስ የላይኛ ክፍል ፍቆ ገጹን ያስተካክላል፤ ብርሃኑም መንገዱን ያገኛል። ይህን የተረዳ ሰው መኪናውን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል፤ አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ባይኖረውም ያለውን ለማደስ ጉልበት እንዳለው ያውቃል።

አሽዶድ ለመኪና ቀለም የምትራራ ከተማ አይደለችም። በ1956 እ.ኤ.አ. አሸዋ ላይ የተቆረቆረች፣ ወደቧም በ1965 ሥራ የጀመረ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከፔሳሕ (ከፋሲካ) በኋላ እስከ ሱኮት (እስከ ዳስ በዓል) ዝናብ ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። ከምዕራብ የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ሻራቭ የሚባለው ደረቅና ሞቃት ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ደግሞ ከበረሃ የተነሣው አቧራ ሁሉንም ነገር ያለብሳል። ሌሊት ጤዛ ወርዶ አቧራውን ያጣብቀዋል፣ የጠዋት ፀሐይ ያደርቀዋል፣ በማግስቱ ሌላ ንብርብር ይጨመራል። ፊኩስ ዛፍ ሥር ያቆመ ሰውማ ፍሬውን የበሉት የሌሊት ወፎች የሚጥሉበትን ያውቀዋል። የወፍ ኩስ አሲድነት አለው፤ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ሲቆይ ምልክቱን ቀለሙ ውስጥ ትቶ ይሄዳል።

ይሁንና ከፀሐዩም ከጨዉም ይልቅ እነዚያን ክብ ጭረቶች የሚያመጣው የራሳችን እጅ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስንቸኩል ጤዛ ያራሰውን አቧራ በስፖንጃ (በወለል መወልወያ) ጨርቅ ጠረግ ጠረግ እናደርጋለን። አቧራው ውስጥ አሸዋ አለ፤ አሸዋ ደግሞ ከመኪና ቀለም እጅግ የጠነከረ ነው። ጨርቃችን በእያንዳንዱ ጠረጋ ያንን አሸዋ እየጎተተ ይፍቃል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ መኪናውን የሚወድና ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ነው። ፍቅሩ ትክክል ነው፤ መንገዱን ብቻ ይለውጥ።

የዘመኑ መኪና ቀለም ንብርብር ነው። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ፤ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም አልባው ክሊር ኮት። ይህ ሁሉ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን አስቡ። ክሊር ኮቱ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል! የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚያግደውም በአብዛኛው እሱ ነው። ጠንከር ያለ ፖሊሽ ከዚህ ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል፤ የተወሰደው ደግሞ አይመለስም። መኪና በየወሩ ፖሊሽ የማይደረገው ለዚህ ነው፤ የወር የወሩ ሥራ ማጠብና ሰም መቀባት ነው።

ክሊር ኮት በስፋት የመጣው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መኪኖች፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የምናውቃቸው የድሮ ቮልሶች ለምሳሌ፣ ላያቸው ራሱ ቀለም ነበር። እነሱን ፖሊሽ ያደረገ ሰው ጨርቁ ሰማያዊ ወይም ቀይ ሆኖ ሲወጣ ሊደነግጥ አይገባም፤ የወጣው ፀሐይ ያቃጠለው የላይኛው ነው። በአዲስ መኪና ላይ ግን ጨርቁ ቀለም ከያዘ ወዲያውኑ ማቆም ነው፤ ክሊር ኮቱ አልቋል ማለት ነው።

የዚህ ሙያ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚማሩት ሕግ አለ፦ በለዘብተኛው ጀምር። መጀመሪያ ለስላሳ ስፖንጅና ለዘብ ያለ ፖሊሽ ይሞከራል። ካልበቃ አንድ ደረጃ ጠንከር ይላል። አሁንም ካልበቃ ሌላ ደረጃ። በሻካራው የጀመረ ሰው አንድ ጭረት ለማጥፋት ብሎ የአሥር ዓመት ሽፋን ሊጨርስ ይችላል።

ይህን ሕግ መኪና ለሌለውም ሰው እመክራለሁ። ራሳችንን ለማሻሻል ስንነሣ ብዙዎቻችን በሻካራው እንጀምራለንና። በሃምሳ ዓመቱ ዕብራይስጥ ማንበብ ሊማር የወሰነ አባት የመጀመሪያ ቀን ጋዜጣ ይገልጣል፤ አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ይደክመዋል፤ «ድሮም እኔ አይገባኝም» ብሎ ራሱን ይገዘግዛል። ለምን በአርኖናው፣ በማዘጋጃ ቤቱ ግብር ወረቀት አይጀምርም? በየጊዜው ወደ ቤቱ ይመጣል፣ ቃላቱ ይደጋገማሉ፣ ቁጥሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። እሱ ሲቀል የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት፣ ከዚያ የልጁ የትምህርት ቤት ደብዳቤ። እባካችሁ፣ በራሳችሁ ላይ የምታነሡት እጅ ይለዝብ። የሰው ልብም ተፍቆ የሚያልቅ ነገር አለው፤ ራሱን ሲወቅስ የኖረ ሰው ለመማር የሚያስፈልገውን ድፍረት ነው የሚጨርሰው።

አሁን ወደ ኮፈኑ እንመለስ። መላውን መኪና አትጀምሩ፤ ኮፈኑን ብቻ ጀምሩ። ዓርብ ጠዋት በማለዳ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ቀዝቃዛ ሳለ። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፦ አንዱ የመኪና ሳሙና፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። አስቀድማችሁ ውሃ አፍስሱና ልቅ የሆነው አሸዋ ይውረድ፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫኑ እጠቡ። ማድረቂያው ማይክሮፋይበር ይሁን፤ ያረጀ ካናቴራ አይሆንም። ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ገጹን ዳስሱ። ንጹሕ የመሰለው ኮፈን ኮረት ኮረት ሲል ትሰማላችሁ፤ ሳሙና ያላነሣው የተጣበቀ ቆሻሻ ነው። እሱን የሚያነሣው ክሌይ የተባለው ተለጣጭ ነገር ነው፤ በማለስለሻ ፈሳሽ እያራሱ ቀስ ብሎ ማንሸራተት። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣል፤ የአሽዶድን አሸዋ ይዞ ተነሥቷል።

ከዚያ ኮፈኑን መሐል ለመሐል በወረቀት ፕላስተር ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ወገን ብቻ ሥሩ፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ማሽን ካላችሁ ለጀማሪ የሚሻለው እየዞረ የሚወዛወዘው ዓይነት ነው፤ ባንድ ቦታ ብቻ የሚሽከረከረው ኃይለኛ ነው፣ ሙቀት ይፈጥራል፣ በተለይ ጠርዝ ላይ ቀለም ያቃጥላል። ማሽን ከሌለም በእጅ ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የማይሞላ ቦታ ያዙ፤ አተር አተር የሚያህል ፖሊሽ ሦስት አራት ቦታ በቂ ነው። ቀስ ብላችሁ፣ አንዱ መስመር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ሂዱ፣ በአግድምም በቁምም። ጥረጉ። በእጅ ባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። በስፖንጁና በጨርቁ ላይ የሚቀረውን የደረቀ ፖሊሽ ቶሎ ቶሎ አጽዱ፤ ችኩል ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ከዚያም ራሱ ፖሊሹ ይቧጭረዋል።

ፕላስተሩን የምታነሡባት ደቂቃ ለእኔ የሥራው ሁሉ ደመወዝ ናት። በአንድ ቆርቆሮ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ትናንትና ዛሬ ይታያሉ። ሰው እንዲህ ያለ ማስረጃ በዓይኑ ካየ በኋላ «አልችልም» ማለት ይከብደዋል። ሌላውን ግማሽ ማንም ሳያስገድዳችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ ቀጥሎ ፓራፋንጎው፣ ቀጥሎ በሮቹ በየተራ ይመጣሉ።

የማይመለስም አለ፤ እውነቱን መናገር ደስታን አይቀንስም። ጭረቱን በጥፍር ስታልፉበት ጥፍሩ ከያዘ ለፖሊሽ ጥልቅ ነው። ክሊር ኮቱ ተልጦ ነጭ ሆኖ ከተነሣ ፖሊሽ አይረዳውም፤ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። ይህን ቀድሞ የለየ ሰው ጉልበቱን በሚሆነው ቦታ ላይ ያውላል።

ከፖሊሽ በኋላ ገጹ ራቁቱን ነው፤ ሰም የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ከሰሞቹ ሁሉ የታወቀው ካርናውባ የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ነው። ዛፉ ከፀሐይና ከድርቀት ለመዳን ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል፤ ሰዎች ቅጠሉን አድርቀው ሰሙን ያራግፋሉ። የእኛ የማር ሰም በ62 ወይም በ64 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ጥቁር ኮፈን በበጋው ፀሐይ እጅ በማያስነካበት በዚህ አገር ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ደመና መስሎ ሲደርቅ መወልወል ነው፤ ወፍራም መቀባት ትርፍ የለውም። በጥቁር ጎማና በፕላስቲክ ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ካርናውባ በእንዲህ ያለ ፀሐይ ሥር ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይቆያል። ውሃ ኮፈኑ ላይ እንክብል እንክብል መሥራቱን ሲያቆም የመድገሚያው ጊዜ ደርሷል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያጠበ ሰው ደግሞ ሰሙን በገዛ እጁ አነሣው።

እናቶቻችን ይህን ሥራ ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ሲመጣ በጎመን ዘር ደጋግመው እያሹ፣ እያሞቁ፣ እየወለወሉ ያሟሹታል፤ እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው ገጹ እስኪጠግብ ስለታገሡት ነው። ከዚያ በፊትም ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ሳይተኮስ በለስላሳ ጠጠር አሽታ አለስልሳዋለች። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በዚህ ሥራ የታወቀች የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፤ ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ የእነሱ እጅ ሥራ ነበር። በምላሹ የተሰጣቸው ግን ንቀትና «ቡዳ» የሚል ስም ነው። በእጅ መሥራት የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ተቆጠረ። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን መካከል እንዲህ ያሉ እጆች ብዙ ነበሩ።

ይህን የማነሣው ልቤን የሚነካኝ ጉዳይ ስላለ ነው። ዛሬም ልጁ መኪና አጣቢ ወይም ፖሊሽ ሠሪ ሲሆን አንገቱን የሚደፋ ወላጅ አለ። አንገታችሁን ቀና አድርጉ! ያ ልጅ በማይክሮን የሚለካ ነገር ላይ በእጁ ስሜት የሚሠራ ሰው ነው። ብርሃን ያነብባል፣ ሙቀት በጣቱ ይለካል፣ የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ በላቫጆ በባልዲና በጨርቅ ጀምረው የራሳቸውን ቦታ የከፈቱ አሉ፤ እዚህም በር ክፍት ነው። ያገለገለ መኪና ሊሸጥ የሚፈልግ ሁሉ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን መሆኑን ያውቃል፤ ያንን ቀለም የሚያስተካክልለት እጅ ይፈልጋል።

ሙያውን ሊይዝ የሚፈልግ ወጣት ካለ ጎረቤቱን መኪና አይለምን። አሮጌ መኪና ከሚፈታታበት ቦታ የተጣለ ኮፈን ይግዛ፤ የተጎዳ ቢሆን ይመረጣል። በብርጭቆ ወረቀት ይቧጭረው፣ ይመልሰው፣ እንደገና ይቧጭረው። ሽንፈት የሚባል ነገር ሳይፈራ ማሽኑን ጠርዙ ላይ ያቆይና ክሊር ኮቱ ሲነሣ፣ ቀለሙ ሲገለጥ፣ ፕራይመሩ ሲመጣ ይመልከት። ሽታውንም ይወቀው። የሰው መኪና ከመንካቱ በፊት ያ ስስ ነገር ምን ያህል እንደሚችልና የት እንደሚበቃው እጁ ይማር፤ ከዚያ ሄዶ የመጀመሪያውን ደንበኛ «አንድ በር በነፃ ልሥራልህና እይ» ይበለው።