በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የልብስ ሥዕል እንደ ፎቶግራፍ የሚታየው በምን ምክንያት ነው?

በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ፍራንቸስኮስ እንደ ብርድ ልብስ ያበጠ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚያሳይ ሥዕል በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ብዙ ሰውም እውነት መሰለው። ይሁን እንጂ ካፖርቱን የሰፋ የለም፣ ፎቶግራፉንም ያነሣ የለም፤ ሥዕሉ የተሠራው ሚድጆርኒ በሚባለው መሣሪያ ነበር። እኔም እንዲህ ያለው ሥዕል በድንገት የተነሣ ፎቶግራፍ የሚመስለው እንዴት እንደ ሆነ ስመረምር ቆይቼ ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

መሣሪያው በመጀመሪያ ከነመግለጫቸው የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ይማራል። ሲማርም በሥዕሉ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ብናኝ ይነሰነስበትና ብናኙን እንዲያነሣ ይታዘዛል። ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ከብናኝ ብቻ ተነሥቶ፣ በጻፍንለት ቃል እየተመራ፣ ጥቂት በጥቂት ሥዕል ያወጣል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የወጣው ስቴብል ዲፊውዥን በመጨረሻ የተማረባቸው ሥዕሎች በውበታቸው ነጥብ ተሰጥቶአቸው የተመረጡ ነበሩ። እንግዲህ ያማረውን አብልጦ የተማረ ያማረውን አብልጦ ይሥላል። ቆዳዋ እንደ ሰም የለሰለሰ፣ ቀሚስዋ መጨማደድ የማያውቅ ሴት ይሰጠናል፤ ዐይናችንም ወዲያው ይጠረጥራል።

ስለዚህ ከመሣሪያው ጉድለትን መለመን ያስፈልጋል። «እጅግ ቆንጆ» ብሎ መጻፍ ነገሩን ያበላሸዋል። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ታክሲ የምትጠብቅ ወጣት፤ ክርኑ ላይ የሳሳ አረንጓዴ ሹራብ፤ በስልክ የተነሣ፤ የቀትር ፀሐይ ከቀኝ በኩል፤ ፊትዋን ዘወር አድርጋ፤ እግርዋ በሥዕሉ ጠርዝ የተቆረጠ፤ ከኋላዋ የሚያልፍ ሰው በግማሽ የሚታይ።» በስልክ የተነሣ ማለት የሚጠቅመው የስልክ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው፤ የማስታወቂያ ፎቶግራፍ ግን ከኋላ ያለውን ያደበዝዛል። ፀሐይዋ የምትመጣበት ወገን ከታወቀ ደግሞ የአገጩም የቀሚሱም ጥላ ወደ አንድ ወገን ይወድቃል። ጨርቁም ክብደት እንዲኖረው የጨርቁን ዓይነት መጥቀስ ይገባል፤ በክርንና በጉልበት የሚታጠፈው ጥጥ ስል እጥፋት፣ ሱፍ ግን ክብ እጥፋት ይሠራልና። (በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ሐሰቱን ለመለየት ጣት መቁጠር ይበቃ ነበር። ዛሬ ጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለ ሆነ ቁልፉንና የቁልፉን ቀዳዳ መመልከት ይሻላል።)

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልመለስ። አክስቴ የሀበሻ ቀሚስ ይሸጣሉ። ይህን ጥበብ ባሳየኋቸው ጊዜ ደስ ብሎአቸው፣ «እንግዲያውስ ልብስ የምታሳይ ልጅ መቅጠር ቀረልኝ!» አሉ። ነገር ግን ሥዕሉን አጉልተን ስናየው ጥለቱ የእርሳቸው ጥለት አልነበረም። ሸማኔ ክር ቆጥሮ ነው የሚሠራው፤ መሣሪያው ግን የሚመስለውን ይሥላል እንጂ ክር አይቈጥርም፤ መስቀሉ በአንድ ስንዝር ውስጥ ሦስት ዓይነት ቅርጽ ነበረው። ገዢዋ በሥዕሉ አይታ ብታዝ የትኛው ሸማኔ ይሠራላታል? መንገዱና ሰዉ የተፈጠረ መሆኑን እጽፍበታለሁ፣ ጥለቱ ግን ካልተነካ ፎቶግራፍ ይሁን ብላቸው፣ «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አሉኝ። ነገራቸው ከንቱ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ቮግ በተባለው መጽሔት ላይ ጌስ የተባለው የልብስ ድርጅት ያወጣው ማስታወቂያ በዚሁ ጥበብ የተሠራ መሆኑ የተገለጸው በጥቃቅን ፊደል ነበር፤ ነገሩ ሲታወቅ ብዙ አንባቢዎች ተቈጡ።

በስልክ አይታችሁ ልብስ የምትገዙ ወላጆች ሁሉ፣ የዚያኑ ቀሚስ ጠርዝ በቅርብ የሚያሳይ ሁለተኛ ፎቶግራፍ፣ ከተቻለም የውስጡን ስፌት ጠይቁ። ቀሚሱ በእጁ ያለ ነጋዴ ወዲያው አንሥቶ ይልካል፤ መሣሪያው ግን ያንኑ ጥለት ሁለት ጊዜ አስተካክሎ መሥራት ይቸግረዋል።